ልጅ እግሯ እናትና ያልታሰበው ወዳጅ

አንባቢ ሆይ፤ ምናልባት ለትምህርት የደረሰች ሴት ልጅ ትኖርህ ይሆናል፤ ባትኖርህም የዘመድ ወይም የጎረቤት ልጅ አታጣም። አንዲት ልጅ በአፍላ ዕድሜዋ አረገዘች የሚል ወሬ በሰፈር በተሰማ ጊዜ ደጁን የሚዘጋው ብዙ፣ የሚከፍተው ግን ጥቂት መሆኑን ታውቃለህ። ዛሬ የምናወሳው የእንግሊዝና የአሜሪካ ደራስያን ይህን ደጅ የሚከፍተውን ሰው በመጽሐፋቸው እንዴት አድርገው እንደ ሣሉት ነው። የምንጠቅሰው ዘመን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው።

ወይዘሮ ኤልዛቤት ጋስኬል በማንችስተር ከተማ የአንድ ሰባኪ ባለቤት ነበሩ። በከተማው ወህኒ ቤት የታሰረች አንዲት የ16 ዓመት ልብስ ሰፊ ጎበኙ። ልጅቱን ያሳታት ሐኪም ነበረ፤ ከታሰረችም በኋላ በሐኪምነት ሊያያት የገባው ያው ሰው ሆኖ ተገኘ። ወይዘሮዋ በ1850 ዓ.ም. በጥር ወር ለደራሲው ለቻርልስ ዲክንስ ጽፈው ምክር ጠየቁ፤ ልጅቱም በዚያው ዓመት አዲስ ኑሮ እንድትጀምር ወደ ደቡብ አፍሪቃ ተሻገረች።

በ1853 ዓ.ም. «ሩት» የተባለውን ልብ ወለድ ታሪክ አሳተሙ። ሩት እናትና አባት የሌላት፣ ልብስ ስፌት የምትማር ልጅ ናት። አንድ የባለጸጋ ልጅ አታልሎ ወሰዳት፤ በታመመም ጊዜ እናቱ መጥታ ለሩት ገንዘብ ጥላላት ልጇን ይዛ ሄደች። ሩት ተስፋ ቆርጣ ራሷን ልታጠፋ ስትሮጥ፣ ጀርባው የጎበጠ ቤንሰን የተባለ ሰባኪ ሊይዛት ሲከተል ወድቆ ከሕመሙ የተነሣ ጮኸ። እርሷም ጩኸቱን ሰምታ ልትረዳው ተመለሰች። አንባቢ ሆይ፤ እዚህ ላይ ቆም በል። ያዳናት ስብከት አይደለም፤ እርሷው ልትረዳው የሚገባት ሰው በመገኘቱ ነው። ወዳጅነታቸውም ከዚህ ተነሣ።

ቤንሰንና እኅቱ ከቤታቸው አስገብተው «ባሏ የሞተባት ናት» ብለው አስወሩ። ሣሊ የተባለችው ገረዳቸው እንኳ መበለት እንድትመስል ብላ ያማረ ጠጉሯን ቆረጠችው። ውሸቱን አላመሰግንም፤ ነገር ግን እውነቱ ቢነገር ኖሮ የትኛው ቤት ያስጠጋት ነበር? ከዓመታት በኋላ ምስጢሩ ሲወጣ ልጆቹን ታስተምርለት የነበረው ባለጸጋ አዋርዶ አባረራት። የገዛ ልጁ ጀሚማ ግን፣ ቀድሞ በሩት ትቀና የነበረችው፣ በአባቷ ፊት ቆማ ተሟገተችላት። በመጨረሻም ሩት በወረርሽኝ ጊዜ በሽተኞችን ስታስታምም ቆይታ ያንኑ የከዳትን ሰው አስታማ በሽታው ተጋብቶባት ሞተች። ደራሲዋ ሻርሎት ብሮንቴ ገና ረቂቁን ሳለ አይታ ስለ ምን ትሞታለች ብላ ተቃውማ ነበር። ፍርዴ ከእርሷ ጋር ነው።

መጽሐፉ በወጣ ጊዜ ወይዘሮዋ ከሚያውቋቸው ሁለት ሰዎች አንደኛውን ቅጽ አቃጠሉት። በራሳቸው ቤት እንኳ ልጆች ብቻቸውን እንዳያነቡት የተከለከለ ነበር።

ለወጣቶች ተብለው የሚጻፉ መጻሕፍት ጉዳዩን በግልጽ ያነሡት ብዙ ዘግይተው ነው። በአሜሪካ በ1967 ዓ.ም. አን ሄድ ባሳተመችው መጽሐፍ የ16 ዓመቷ ጁላይ አርግዛ በችኰላ ታገባለች። በ1972 ዓ.ም. የወጣው ሕግና በ1975 ዓ.ም. የተከተለው ደንብ ደግሞ እርጉዝ ተማሪ ከትምህርት ቤት እንዳትባረር ከለከለ።

በ1993 ዓ.ም. ቨርጂኒያ ዩወር ወልፍ በግጥም መሰል አጫጭር መስመሮች የጻፈችው «ሜክ ሌሞኔድ» ለእኔ ከሁሉ ይበልጣል። ለኮሌጅ ገንዘብ የምታጠራቅም የ14 ዓመት ልጅ ላቮን፣ ሕፃናት ለመጠበቅ ተቀጥራ ወደ ጆሊ ቤት ትሄዳለች። ጆሊ 17 ዓመቷ ነው፤ የሁለት ልጆች እናት ናት፤ ቤቷም በእድፍ የተሞላ ነው። ጆሊ አለቃዋ ሲደፍራት እምቢ በማለቷ ከሥራ ስትባረር ላቮን ልትተዋት አልቻለችም፤ ለጥናት የሚገባትን ሰዓት እየሠዋች ትመጣላት ጀመር። ከትንሹ ልጅ ጋር በዕቃ ውስጥ የሎሚ ፍሬ ይተክላሉ። ጆሊንም ወደ ትምህርት ቤት እንድትመለስ ትገፋፋታለች። ጆሊ ተመለሰች፤ ትንሿ ልጇ አንድ ቀን ታንቃ ትንፋሽ ባጠራት ጊዜ፣ በዚያ በተማረችው ሕክምና ነፍሷን መለሰች።