ስለ ሙቀት ሕክምናና ስለ ወር አበባ ሕመም
(በሬዲዮ ከተሰጠ ንግግር)



ከአምቦ ተነሥቶ በስተምዕራብ ወደ ጉደር የሚጓዝ መንገደኛ በየስፍራው የሚያጋጥመው የውሃ ነገር ነው። አምቦ ላይ ከምድር ሆድ ሞቆ የሚወጣው ውሃ የመታጠቢያውን ገንዳ ይሞላል። በሰንቀሌ ከ1922 ዓ.ም. ጀምሮ በጠርሙስ እየታሸገ ባገሩ ሁሉ የታወቀው የማዕድን ውሃ አለ። ጉደር ሲደርስ ደግሞ ወንዙ ከገደል ተወርውሮ ወደ ዓባይ ይገሠግሣል። አምቦ በንጉሠ ነገሥቱ ዘመን ሀገረ ሕይወት ተብላ ትጠራ ነበር፤ ስሙም ለውሃዋ የሚስማማ ነው።

የዛሬው ንግግራችን ግን ስለ አገሩ ውበት አይደለም። ሙቀት ለሰው ልጅ ሕመም፣ ይልቁንም ለሴቶች የወር አበባ ሕመም፣ እንዴት መድኃኒት ሆኖ እንደ ኖረ በአጭሩ እናወሳለን። «ይህ በአደባባይ የሚነገር ነገር አይደለም» የሚል አድማጭ ቢኖር፣ ዝምታው የሚያስከትለውን ጉዳት ያስብ። ልጃገረዲቱ በየወሩ ሆዷን ይዛ ከትምህርት ቤት ትቀራለች፤ አባት ሰነፈች ይላል፤ መምህሩ ቀሪ ብሎ ይመዘግባል፤ እናትም «የሴት ዕዳ ነው፣ ቻይው» ብላ ታልፋለች። የፈላ ውሃ በቤቱ እያለ፣ ሕመሙ ስላልተነገረ ብቻ ልጅቱ ስትሠቃይ ትውላለች።

በሙቀት የማከምን ጥበብ በጽሑፍ አደራጅተው ለትውልድ ካስተላለፉት ሕዝቦች መካከል ቻይናውያን በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳሉ። በ1973 እ.ኤ.አ. ማዋንግዱይ በተባለው ስፍራ ከአንድ ጥንታዊ መቃብር ውስጥ በሐር ላይ የተጻፉ የሕክምና መጻሕፍት ተገኝተዋል። መቃብሩ የተዘጋው ከክርስቶስ ልደት በፊት በ168 ዓመት ነው። ከመጻሕፍቱ አንዳንዶቹ በሰውነት ውስጥ ያሉትን የሕይወት መስመሮች ይዘረዝራሉ፤ ለሕመማቸው የሚያዝዙት ግን መርፌን ሳይሆን እሳትን ነው። ዛሬ ዓለም የቻይናን ሕክምና በመርፌው ቢያውቀውም፣ በእነዚህ ጽሑፎች ላይ ግን ቀድሞ የሚታየው እሳቱ ነው።

አሠራሩ እንዲህ ነው። አንድ ዐይነት ቅጠል ደርቆ ይወቀጥና እንደ ጥጥ ይለሰልሳል፤ ከዚያም ተጠቅልሎ በእሳት ይለኮስና ከቆዳው ጥቂት ራቅ ብሎ እንዲያሞቅ ይደረጋል፤ ወይም በመካከሉ ቁራጭ ዝንጅብል ወይም ጨው ይደረጋል። ሞክሳ የሚለው ስም ወደ ሌላው ዓለም የደረሰው ከጃፓን ቋንቋ ነው። ቅጠሉም ለእኛ ፈጽሞ ባዕድ አይደለም፤ በየገበያው የምናውቃቸው አሪቲና ጭቁኝ የዚሁ ተክል የቅርብ ዘመዶች ናቸው። በ1596 እ.ኤ.አ. የታተመውን ታላቁን የመድኃኒት መጽሐፍ ያዘጋጀው ሊ ሺዠንም የተወለደው በዚህ ቅጠል በታወቀ አገር ነው።

በአራተኛው መቶ ዓመት ባዎ ጉ የምትባል ሴት በደቡብ ቻይና፣ ዛሬ ጓንግዦ በምትባለው ከተማ አካባቢ፣ በዚህ ሕክምና ስመ ጥር ነበረች። ባሏ ጌ ሆንግ ለድንገተኛ ሕመም የሚሆን የሕክምና መጽሐፍ ጽፏል፤ በመጽሐፉም የእሳት ሕክምና ሰፊ ቦታ ይዟል። የሚስቱ እጅ አለበት ብለው የሚያምኑ ጸሐፊዎች ጥቂት አይደሉም።

የቻይና ሐኪሞች የወር አበባን ሕመም የሚተረጕሙት ብርድ ወደ ማሕፀን ገብቶ ደሙን አረጋው፣ መንገዱንም ዘጋው በማለት ነው። ስለዚህ ከእምብርት በታች ያለውን ስፍራና ከቁርጭምጭሚት በላይ በውስጥ በኩል አራት ጣት ከፍ ያለውን ስፍራ ያሞቃሉ፤ የዝንጅብል ሻይ ያጠጣሉ፤ በቀዝቃዛ ነገር ላይ መቀመጥንም ይከለክላሉ። በ2010 እ.ኤ.አ. ዩኔስኮ የመርፌውንና የእሳቱን ሕክምና በማይዳሰሱ ቅርሶች መዝገብ አስፍሮታል። ወደ አገራችንም የቻይና የሕክምና ቡድኖች ከ1974 እ.ኤ.አ. ጀምሮ ሲመጡ ቆይተዋል።

ታዲያ አገራችን በዚህ ረገድ ባዶ እጇን ነበረችን? አልነበረችም። እቴጌ ጣይቱ ከእንጦጦ ብርድ ወርደው በፍልውሃ አጠገብ ቤት ማሠራታቸው ለአዲስ አበባ በ1879 ዓ.ም. መቆርቆር ምክንያት መሆኑን ሁላችን ተምረናል። ዋና ከተማችን በሙቅ ውሃ ዳር መወለዷ ግን እምብዛም አይታሰብም። በጎንደርና በወሎ ደግሞ እናቶች ወይባ የሚባለውን እንጨት በጕድጓድ ውስጥ እያጨሱ፣ በጋቢ ተሸፍነው በጭሱ ሙቀት ይታጠናሉ። በምዕራብ ሸዋም የአምቦ ፍልውሃ ወገቡንና መገጣጠሚያውን የሚያመውን ሰው ሁሉ ሲቀበል ኖሯል።

እንግዲህ የዘመኑ ሳይንስ ምን ይላል? በወር አበባ ጊዜ ማሕፀን ፕሮስታግላንዲን የሚባል ንጥረ ነገር ያመነጫል፤ ይህም የማሕፀኑን ጡንቻ አጥብቆ ያኮማትረዋል፤ ደምም እንደ ልቡ እንዳይዘዋወር ያደርጋል፤ ሕመሙ የሚነሣውም ከዚህ ነው። በፕሮስታግላንዲን ላይ የተመራመሩ ሦስት ሊቃውንት፣ በርግስትሮም፣ ሳሙኤልሶንና ቬን፣ በ1982 እ.ኤ.አ. የኖቤል ሽልማት ተቀብለዋል። ሙቀት የተኮማተረውን ጡንቻ ያላላል፤ የደሙንም ዝውውር ያግዛል። በ2001 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ የታተመ አንድ ጥናት 38.9 ዲግሪ ሙቀት ያለው መጠቅለያ በሆድ ላይ በቀን ለ12 ሰዓት ሲደረግ፣ አይቡፕሮፌን ከተባለው የሕመም ማስታገሻ ጋር የሚመጣጠን እፎይታ እንደሚሰጥ አሳይቷል፤ ሁለቱ ሲጣመሩ ደግሞ እፎይታው ፈጥኖ መጥቷል። ስለ ብርድ የተሰጠው ጥንታዊ ትርጓሜ ከዛሬው ዕውቀት ጋር ባይስማማም፣ በልምድ የተገኘው መፍትሔ ግን ከንቱ አልነበረም። ሆኖም የቅጠሉ እሳት ከተራው ሙቀት ይበልጣል ለማለት ገና በቂ ማስረጃ አልቀረበም።

ከዚህ ላይ ሁለት ነገሮችን አጥብቀን ማሳሰብ ይገባናል። አንደኛ፣ ማሞቅና መተኮስ ፈጽሞ የተለያዩ ናቸው። በአንዳንድ ስፍራ በጋለ ብረት ገላን የመተኮስ ልማድ አለ፤ ይህ ቍስልና ጠባሳ ከማትረፍ በቀር ለማሕፀን ሕመም የሚፈይደው ነገር የለም። በቻይናም ቢሆን እሳቱን በገላ ላይ አሳርፎ ጠባሳ የሚያወጣ አሠራር ነበረ፤ ዛሬ በብዛት የሚሠራበት ግን ሳይነካ የሚያሞቀው ነው። ሁለተኛ፣ ሙቀት ሕመሙን ያስታግሣል እንጂ ከበስተኋላው ያለውን በሽታ አይፈውስም። ሕመሙ ከዓመት ወደ ዓመት እየጠና ቢሄድ፣ ደሙ ከልክ በላይ ቢፈስ፣ ትኵሳት ቢጨመርበት፣ ወይም የወር አበባው ካለፈ በኋላ ሕመሙ ባይለቅ፣ ወደ ሐኪም መሄድ እንጂ ውሃ እያፈሉ መቈየት አይገባም። ነፍሰ ጡር የሆነች ሴትም ሐኪም ሳታማክር በጣም በሞቀ ውሃ ውስጥ መዘፍዘፍ የለባትም።

ለጉደርና በዙሪያዋ ላሉ ወላጆች የምናቀርበው ምክር እነሆ። ሕመሙ ሲጀምር የሞቀ ውሃ በላስቲክ መያዣ አድርጉ፤ ወይም ጨው በምጣድ አሙቃችሁ በወፍራም ጨርቅ ቋጥሩ፤ ለልጅቱ ከመስጠታችሁ በፊት በክንዳችሁ ላይ አስነክታችሁ ለገላ የሚመች መሆኑን አረጋግጡ፤ ከዚያም ከእምብርቷ በታች ታድርገው። ስትተኛ ግን አይተውላት፤ የተኛ ሰው መቃጠሉን ቶሎ አያውቅምና። አባቶችም ልጃቸው ታማ ስትቀር ሰነፈች ከማለታቸው በፊት ምን እንደ ሆነች እናቷን ይጠይቁ። መምህራንም በዚያ ቀን ያመለጣትን ትምህርት ያካክሱላት።

ቻይናውያን ቅጠሉን በመለኮስ፣ የጎንደርና የወሎ እናቶች ወይባውን በማጨስ፣ የአምቦ ሰዎችም በፍልውሃው በመታጠብ የሙቀትን ጥቅም አውቀዋል። ይህ ዕውቀት ከጉደር ልጃገረድ ዘንድ እንዲደርስ የሚያስፈልገው ብዙ ገንዘብ አይደለም፤ ልጅቱ አመመኝ ስትል የሚሰማት ሰው ማግኘቷ ነው።