ፔትያ (ፍሪጌት)

ፔትያ በሶቪዬት ኅብረት የተሠራ፣ ሰርጓጅ መርከቦችን ለማደን የታሰበ አነስተኛ የጦር መርከብ ነው። ሶቪዬቶች «ፕሮጀክት 159» ሲሉት፣ «ፔትያ» የሚለውን ስም ያወጣለት ኔቶ ነው። የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል «ፔትያ 2» የተባሉ ሁለት መርከቦችን እ.ኤ.አ. በ1983 እና በ1984 ተረክቧል። መለያ ቁጥራቸው ኤፍ-1616 እና ኤፍ-1617 ነበር።

አሠራር

መርከቡ 82 ሜትር ያህል ርዝመት ሲኖረው፣ ሙሉ ጭነት ሲይዝ 1,100 ቶን ገደማ ይመዝናል። በአንድ የናፍታ ሞተርና በሁለት ጋዝ ተርባይኖች ይንቀሳቀሳል።

ሰርጓጅ የሚፈለገው በሶናር ነው። ሶናር ወደ ውኃ ውስጥ ድምፅ ይልካል፤ ድምፁ ከአንድ አካል ጋር ተጋጭቶ እስኪመለስ የሚፈጀው ጊዜ ርቀቱን ያሳያል። የመርከቡ የራሱ ድምፅ ማዳመጡን ስለሚያውክ በፍለጋ ጊዜ በዝግታ መጓዝ ይመረጣል። ለማሳደድ ግን ተርባይኖቹ ፍጥነቱን ወደ 30 ኖት (በሰዓት 55 ኪ.ሜ. ገደማ) ያደርሱታል።

ትጥቅ

* 10 የ400 ሚ.ሜ. የቶርፔዶ ቱቦዎች
* 2 አርቢዩ-6000 የሮኬት መተኮሻዎች፤ እያንዳንዳቸው 12 አፈሙዝ ያላቸውና ውኃ ውስጥ ገብተው የሚፈነዱ ሮኬቶችን የሚተኩሱ
* 4 የ76 ሚ.ሜ. መድፎች፣ በሁለት ጥንድ

ፔትያ ሄሊኮፕተር አይዝም። እ.ኤ.አ. በ2018 አገልግሎት የጀመረው የሩሲያ ፍሪጌት «አድሚራል ጎርሽኮቭ» ግን 135 ሜትር ርዝመት ያለው ሲሆን፣ «ካ-27» ሄሊኮፕተር ይይዛል። ሄሊኮፕተሩ ሶናሩን ከመርከቡ ርቆ ባሕር ውስጥ ስለሚያወርድ የፍለጋው ክልል ይሰፋል።

በኢትዮጵያ

መርከቦቹ በቀይ ባሕር ባገለገሉበት ዘመን የኢትዮጵያ ባሕር ኃይል የተዋጋው ከሻዕቢያ ጋር ነበር። ሻዕቢያ ሰርጓጅ አልነበረውም፤ በባሕር ላይ የሚዋጋው በትናንሽ ፈጣን ጀልባዎች ነበር። ስለዚህ የመርከቦቹ ዋና መሣሪያዎች፣ ማለትም ሶናሩና ቶርፔዶዎቹ፣ የተሠሩለት ዓይነት ጠላት በዚያ ጦርነት አልነበረም። ለውጊያው የሚስማሙት መድፎቹ ነበሩ።

ምጽዋ በየካቲት 1982 ዓ.ም. በሻዕቢያ እጅ ስትወድቅ ባሕር ኃይሉ ዋና የጦር ሰፈሩን አጣ። በግንቦት 1983 ዓ.ም. ደርግ ሲወድቅ ብዙ የኢትዮጵያ የጦር መርከቦች ወደ የመን ሸሹ። እ.ኤ.አ. በ1993 ኤርትራ ነጻ አገር ስትሆን ኢትዮጵያ ወደብ አልባ ሆነች። ባሕር ኃይሉም እ.ኤ.አ. በ1996 ፈርሶ በጅቡቲ የነበሩት መርከቦቹ ለጨረታ ቀረቡ።