ካንዴላ፣ ቡጂህ፣ ሻማ፦ ካፉሪ ውስጥ የተማርነው የስም ታሪክ

ካፉሪ ሳለን አንዲት አሮጌ የቤንዚን ሚኒባስ ነበረችን። ቡናውን፣ በርበሬውን፣ ሽሮውን ከባሕሪ ገበያ ወደ ሐበሻ ቤቶች የምናደርሰው በእሷ ነበር። አንድ ሰሞን መንገጫገጭ ጀመረች። ጉልበት የላትም፣ ቤንዚን ግን ትጠጣለች። ከመካከላችን አንዷ መለዋወጫ ሱቅ ገብታ «ካንዴላ ስጠኝ» አለችው። ባለሱቁ «ቃንዲል? ያ ኡኽቲ፣ የመብራት ዕቃ የሚሸጠው ከወዲያ ማዶ ነው» ብሎ ሳቀ።

ያን ቀን እኛም አብረን ሳቅን። በኋላ ስናጣራው ግን ሰውየው የተሳሳተ አይመስልም። ዓረብኛው ቃንዲልና ጣሊያንኛው ካንዴላ ከአንድ ጥንታዊ ቃል የወረዱ ናቸው። ካንዴላ በጣሊያንኛ ሻማ ማለት ነው። ግብፆች ዕቃውን ቡጂህ ይሉታል፤ ከፈረንሳይኛ የመጣ ነው፣ እሱም ሻማ ነው። በጽሑፍ ዓረብኛ ደግሞ ሻምዓ ይባላል፤ የኛው ሻማ ማለት ነው። የሱዳን ገበያ ግን ከሻማው መንገድ ወጥቷል፤ የእንግሊዞቹን ፕለግ ይዞ ፐን በበ ተክቶ ይጠራዋል።

ይህ ልዩነት ዝም ብሎ የመጣ አይደለም። ሱዳን ከ1899 እስከ 1956 እ.ኤ.አ. በእንግሊዝና በግብፅ ስም ስትገዛ የመኪና ሥራ በእንግሊዝኛ ቃል ገባ። ወደ እኛ አገር የመጀመሪያዎቹ መኪኖች በ1900 ዓ.ም. ገደማ ለአፄ ምኒልክ ደርሰዋል፤ እንግሊዛዊው ቤንትሌይ ያመጣት ሲድሌይ አንዷ ናት። የጋራዥ ቋንቋችን ግን ከእንግሊዝ አልመጣም። ቃሉን ያስተማሩን አስመራ ላይ የከተሙት፣ በኋላም ከ1928 እስከ 1933 ዓ.ም. አገራችንን የያዙት ጣሊያኖችና ከእነሱ ሥር የሠሩ የእኛው ልጆች ናቸው። ፍሬን፣ ማርሽ፣ ፍሪሲዮን፣ ካምቢዮ፣ ቴስታታ፣ ሁሉም ከዚያ ነው። ጠላት ወጣ፣ ቃሉ ቀረ። ናፍጣም እንዲሁ የጣሊያን ነው፤ ሱዳን ግን ናፍጣን «ጃዞሊን» ስለሚለው፣ ከውጭ ፊልም «ጋዞሊን ቤንዚን ነው» ብሎ የተማረ ልጅ ማደያ ላይ እንዳይሳሳት ንገሩት። (የናፍጣ ሞተር ካንዴላ የለውም፤ ነዳጁ በታመቀ አየር ሙቀት ይቀጣጠላል።)

ዕቃውን ዛሬ በምናውቀው መልክ ለገበያ ያበቃው የጀርመኑ ሮበርት ቦሽ ድርጅት ነው። መሐንዲሱ ጎትሎብ ሆኖልድ በ1902 እ.ኤ.አ. ከፍተኛ ቮልት የሚሰጥ ማግኔቶ ከካንዴላ ጋር አጣምሮ ሠራ። ከዚያ በፊት ብዙ ሞተር የሚነሳው በጋለ ቱቦ ነበር፤ እሳትም ያስነሳ ነበር።

ወደ ካፉሪ እንመለስ። ሰፈሩ ስሙን ያገኘው በዚያ እርሻና የወተት ላሞች ከነበሩት ካፉሪ ከሚባል ነጋዴ ነው ይላሉ፤ ለእኛ ግን የብዙ እህቶቻችን የሥራ ሰፈር ነበር። በአንዱ ግቢ ጥላ ሥር ሚኒባሷን አቁመን ካንዴላዎቹን ራሳችን ፈታን። ሞተሩ እስኪቀዘቅዝ ጠበቅን፤ ቴስታታው አሉሚኒየም ስለሆነ በትኩሱ ሲፈታ ጥርሱ ይላጣል። ዙሪያውን ያለውን አሸዋ አራገፍን፤ የካርቱም ሐቡብ የማይገባበት የለም፣ ወደ ሲሊንደር ከገባ ጉዳቱ ከባድ ነው። ገመዱን አንድ በአንድ፣ ቦታው እንዳይምታታ፣ ነቀልን።

ከዚያ ጫፉን ማንበብ ነው። ፈካ ያለ ቡኒ ወይም ግራጫ ከሆነ ሞተሩ ጤነኛ ነው። የእኛ ሦስቱ ደረቅ ጥቀርሻ ለብሰው ነበር፤ ቤንዚኑ በዝቷል ወይም አየሩ አንሷል ማለት ነው፤ ሐቡቡ የአየር ማጣሪያውን ደፍኖት ነበር። አራተኛው በዘይት ርሷል፤ ያ ከፒስተን ፋሻ ወይም ከቫልቭ የሚመጣ ነውና ካንዴላ ብቻ በመቀየር አይድንም። ነጭ ሆኖ ከተቃጠለና ከፈነዳ ደግሞ ሞተሩ ከመጠን በላይ እየጋለ ነው።

አዲሱን ስንገዛ የሠራነው ስህተት ግን እስከ ዛሬ ያስቆጨናል። የድሮው ላይ የተጻፈውን ቁጥር ይዘን የሌላ ኩባንያ ዕቃ ያንኑ ቁጥር መስሎን በካርቶን ገዛን፤ ለመሸጥም ጭምር። ቁጥሩ የሙቀት ደረጃ ነው፤ በየኩባንያው ግን ይገለበጣል። በኤንጂኬና በዴንሶ ቁጥሩ ሲጨምር ካንዴላው ቀዝቃዛ ነው፤ ሙቀቱን ቶሎ ያስተላልፋል። በቦሽና በቻምፒዮን ቁጥሩ ሲጨምር ትኩስ ነው። ዲፕሎማችን ንግድ ነውና ይህን ማን ነገረን! ካርቶኑን በግማሽ ዋጋ አራገፍነው።

ትክክለኛውን ስናስገባ በእጅ እስከሚሄድበት አጠበቅን፣ ከዚያ በቁልፍ ሩብ ዙር አካባቢ ጨመርን፤ አዲስ ዋሸር ያለው ግማሽ ዙር ድረስ ይፈልጋል። ክፍተቱ በብዙ መኪና ከ0.7 እስከ 1.1 ሚሊሜትር ነው፤ የራሳችሁን ከመኪናው መጽሐፍ እዩ።

ሚያዝያ 7 ቀን 2015 ዓ.ም. ጦርነቱ ሲነሳ ካርቱም ውስጥ የሚከፈት ጋራዥ አልነበረም። ሚኒባሷ ዳግም ስታንገጫግጭ የግቢውን በር ዘግተን፣ ተኩሱ ረገብ ባለበት ሰዓት፣ ካንዴላዎቹን አውጥተን ጠረግን፤ ዘይት የነካውን በቤንዚን አጠብነው። ልጆቹን ጭነን በመዳኒ፣ በገዳሪፍ አድርገን ጋላባት ደረስን። ድልድዩን ተሻግረን መተማ ስንገባ እንደገና ቆመች። መካኒኩ ጎንበስ ብሎ ሰማትና «እናቴ፣ ካንዴላዋን አሳዪኝ» አለን።