የምርምር ደኅንነት በዩኒቨርሲቲ

የምርምር ደኅንነት ለጦር መሣሪያ ወይም ለሌላ ጥፋት ሊውል የሚችል ዕውቀት ባልተፈቀደላቸው ሰዎች እጅ እንዳይገባ ዩኒቨርሲቲዎች የሚያደርጉት ጥበቃ ነው። ዋናው ሸክም ውል በሚፈርሙ፣ ሰው በሚቀጥሩና ላቦራቶሪ በሚያስተዳድሩ ኃላፊዎች ትከሻ ላይ ያርፋል።

በአሜሪካ ሕግ ቁጥጥር የሚደረግበትን ቴክኒካዊ መረጃ እዚያው ላቦራቶሪ ውስጥ ለውጭ ዜጋ ማሳየት ወደ ውጭ እንደ መላክ ይቆጠራል። ግሪን ካርድ ያለውን ይህ አይመለከተውም፤ በተማሪ ቪዛ ያለውን ግን ይመለከተዋል። ስለዚህ ፕሮጀክቱ ላይ ማን እንደሚሠራ መጠየቅ ያለበት ተማሪው ከመመደቡ በፊት ነው።

እ.ኤ.አ. በ1985 የሬገን አስተዳደር ያወጣው መመሪያ ውጤቱ በነጻነት የሚታተም መሠረታዊ ምርምር እንዳይገደብ ይደነግጋል። ይህ ነጻነት ግን በፊርማ ሊታጣ ይችላል። ገንዘብ ሰጪው «ያለ እኔ ፈቃድ አይታተም» ወይም «የውጭ ዜጋ አይሳተፍ» የሚል አንቀጽ አስገብቶ ዩኒቨርሲቲው ከተቀበለ፣ ሥራው ከመመሪያው ከለላ ይወጣል። አደጋው ውሉን የፈረመው ቢሮ ይህን እያወቀ ላቦራቶሪው ውስጥ ያሉት ሳይሰሙ ሲቀሩ ነው። ከኃላፊው ተግባራት ሁሉ ያችን አንቀጽ ለሚሠሩት ሰዎች በግልጽ ማስረዳት ይቀድማል።

በኖክስቪል የቴነሲ ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበሩት ጆን ሪስ ሮዝ ለአየር ኃይል በሚካሄድ የድሮን ፕላዝማ ምርምር ላይ አንድ ቻይናዊና አንድ ኢራናዊ የድኅረ ምረቃ ተማሪ አሳትፈዋል። የዩኒቨርሲቲው የኤክስፖርት ቁጥጥር ኃላፊ ሥራው በሕግ የተገደበ መሆኑን ነግረዋቸው ነበር፤ እሳቸው ግን በ2006 የፕሮጀክቱን መረጃ የያዘ ላፕቶፕ ይዘው ቻይና ሄዱ። በ2008 በ18 ክሶች ጥፋተኛ ተባሉ፤ በቀጣዩ ዓመት 4 ዓመት እስራት ተፈረደባቸው። ዩኒቨርሲቲው አልተከሰሰም። ምክር ብቻውን ሰውን እንደማያስቆም ጉዳዩ ያሳያል፤ የቁጥጥር ኃላፊ ሥራን የማገድ ሥልጣንም ያስፈልገዋል።

ጥበቃው በትውልድ አገር ላይ የተመሠረተ ጥርጣሬ ሲሆን ደግሞ ሌላ በደል ይወልዳል። እዚያው ዩኒቨርሲቲ ያስተምር የነበረው አንሚንግ ሁ ከቻይና ተቋም ጋር ያለውን ግንኙነት ከናሳ ደብቋል ተብሎ በ2020 ተያዘ፤ ሥራውንም አጣ። በመስከረም 2021 ዳኛው በነጻ አሰናበቱት፤ ዩኒቨርሲቲው በ2022 ወደ ሥራው መለሰው።