ባሕር መዝገብ፦ ለ«ዳታቤዝ» የሚገባው ስም

በስልኮችና በኮምፒዩተር ፕሮግራሞች የአማርኛ ገጾች ላይ «የውሂብ ጎታ» የሚል ሐረግ እየተለመደ መጥቷል። ሐረጉ የቆመው ለ«ዳታቤዝ» ሲሆን፣ ይኸውም አንድ ድርጅት ስለ ደንበኞቹ፣ ስለ ዕቃውና ስለ ሒሳቡ የሚይዘው ዝርዝር በሥርዓት የሚቀመጥበትና በተፈለገ ጊዜ አንዱ ከሌላው ተለይቶ የሚወጣበት የኮምፒዩተር ክምችት ነው። በንግግር የሚጠቀምበት ሰው እምብዛም አይገኝም፤ ባለሙያው «ዳታቤዝ» ብሎ ያልፋል፣ ጋዜጠኛውና የመንግሥት መሥሪያ ቤቱ «የመረጃ ቋት» ይላሉ። ሆኖም የትርጉም መሣሪያዎች አንዱ የጻፈውን ሌላው እየተቀበለ ስለሚያባዙት፣ «የውሂብ ጎታ» ማንም ሳይመክርበት የጸደቀ ስም መስሎ ሊቀር ደርሷል። ከነሥሩ ሲመረመር ግን በሁለቱም እግሩ ያነክሳል።

«ውሂብ» የተበጀው «ወሀበ» ከሚለው የግእዝ ግስ ነው፤ ትርጓሜውም «ሰጠ» ነው። አበጃጀቱ የላቲኑን ፈለግ ይከተላል፤ «ዳታ» በላቲን «የተሰጡ ነገሮች» ማለት በመሆኑ፣ ቃል አውጪዎቹ የመስጠትን ግስ ከግእዝ ፈልገው አመጡ። አሳቡ የሚመሰገን ነው፤ እርባታው ግን ስቷል። በግእዝ «ውሂብ» ንኡስ አንቀጽ ነው፤ «ቀቲል» መግደል፣ «ስኢል» መለመን እንደሚባለው ሁሉ «ውሂብ» መስጠት ማለት ነው። «የተሰጠ» ለማለት የሚያገለግለው እንደ «ቅቱል»ና እንደ «ስኡል» የሚረባው «ውሁብ» ነው። ስለዚህ ስልኩ «የሞባይል ውሂብ» ሲል፣ ቅኔ ቤት ያለፈ ሰው የሚሰማው «የሞባይል መስጠት» የሚል ይሆናል። ላቲኑን በግእዝ ለመተካት የተነሣ ሰው የግእዙን ሰዋስው መጠየቅ ነበረበት። «መረጃ» በበኩሉ «ተረዳ»፣ «አስረዳ»፣ «ማስረጃ» ከሚሉት ቃላት ጋር ከአንድ ሥር የበቀለ፣ ሕዝብ አምኖ የያዘው ቃል ነው። የሚነቀፈው ጥሬውን ቁጥርም፣ የተተነተነውን ዕውቀትም፣ የስለላውን ወሬም በአንድነት ስለሚጠራ ነው፤ ይህም ለሊቃውንት ክርክር እንጂ ለባለሱቅ የዕለት ሥራ እንቅፋት አይሆንም።

የባሰው ችግር ያለው በ«ጎታ» ላይ ነው። ጎታ ከጭቃና ከጭድ ተሠርቶ በቤት ውስጥ የሚቆም የእህል ማኖሪያ ነው፤ ገብስና ባቄላ በሚመረትበት በሰሜን ጎንደር፣ በዳባትና በደባርቅ ገጠር ምን እንደሆነ ለማንም ማስረዳት አያስፈልግም። እህሉ በአፉ ይገለበጣል፣ በሥሩ ካለው ሽንቁር ይቀዳል። ከየትኛው ማሳ፣ በየትኛው ቀን የገባው ገብስ ነው የወጣው ተብሎ ቢጠየቅ ጎታው መልስ የለውም። «ቋት»ም ከዚህ አያመልጥም፤ እንዲያውም ይብሳል፤ ቋት ከወፍጮ የሚወርደውን ዱቄት የሚቀበል ዕቃ ነውና፣ እዚያ የደረሰ እህል ዘርነቱን እንኳ አጥቷል። ዳታቤዝ የተፈጠረው ግን በተቃራኒው፣ የገባው እያንዳንዱ ነገር ማንነቱን እንደያዘ እንዲቆይ ነው። ሁለቱም ስሞች መያዝን ብቻ ይናገራሉ፤ መለየትን አይናገሩም። ያልተገባውን ነገር አልቀበልም ማለትንም አያውቁም።

ይህን አለመቀበል በቅርብ ለማየት ከዳባት የተሻለ ምሳሌ በአካባቢው አይገኝም። በጎንደር ዩኒቨርሲቲ የሚመራው የዳባት የምርምር ማዕከል እ.ኤ.አ. ከ1996 ጀምሮ በወረዳው የተመረጡ ቀበሌዎች ነዋሪዎችን ልደት፣ ሞትና የመኖሪያ ለውጥ ቤት ለቤት እየተዘዋወረ ሲመዘግብ ኖሯል። ማዕከሉ ከተጠቀመባቸው ሶፍትዌሮች አንዱ በጋና ናቭሮንጎ ለተመሳሳይ ጥናት የተሠራው «የቤተሰብ ምዝገባ ሥርዓት» ነው። የዚህ ዓይነቱ ሥርዓት ዋና ጥበብ ብዙ መያዙ አይደለም። ያልተወለደ ሰው ሞተ ተብሎ እንዳይጻፍ፣ ወደ ቤቱ ያልገባ ሰው ለቆ ወጣ እንዳይባል፣ አንድ ሰው በአንድ ቀን በሁለት ቤት ነዋሪ ሆኖ እንዳይቆጠር መከልከሉ ነው። ጎታ የተገለበጠለትን ሁሉ ይውጣል፤ እንዲህ ያለውን ሥራ የሚሠራው መዝጋቢ ነው። ሠሪዎቹ ራሳቸው ለሥርዓቱ ስም ሲያወጡ «ምዝገባ» ማለታቸውም ያለ ምክንያት አይደለም።

ለስሙ ሩቅ መሄድ አያስፈልግም። «መዝገብ» በግእዝ «ዘገበ» ከሚለው የወጣ ሲሆን፣ ዘገበ ማለት ሰበሰበ፣ አከማቸ ማለት ነው፤ የዛሬው «ዘገባ»ም የዚሁ ግስ ልጅ ነው። በግእዝ መጻሕፍት «መዝገብ» ሀብትን፣ የሀብትንም ማኖሪያ ያመለክታል። አማርኛ ደግሞ ትርጉሙን ወደ ጽሕፈት አሸጋግሮ፣ ነገር በስሙና በተራው የሚሰፍርበትን መጽሐፍ መዝገብ አለው። በ1948 ዓ.ም. የታተመው የአለቃ ኪዳነ ወልድ ክፍሌ ሥራም ሆነ በ1962 ዓ.ም. የታተመው የደስታ ተክለ ወልድ ሥራ «መዝገበ ቃላት» መባላቸው በዚህ ትርጉም ነው፤ ቃሉ በፊደል ተራው ተፈልጎ ይገኛል እንጂ ተዝቆ አይወጣም። ማከማቸትና ማደራጀት በአንድ ቃል ውስጥ የተገናኙበት እንዲህ ያለ ስም እያለ ወደ እህል ዕቃ መሄድ ለምን እንዳስፈለገ ለመረዳት ያስቸግራል።

ከዚህም በላይ በአሮጌው የጽሕፈት ቤት ቋንቋ «ባሕር መዝገብ» የሚባል ነገር አለ፤ ብዙ ዝርዝር በአንድነት የሚሰፍርበት፣ ሌሎች ወረቀቶች ሲለያዩ ተመልሰው የሚመሳከሩበት ትልቁ መዝገብ ነው። ዳታቤዝ ማለት ይኸው ነው፤ የተለወጠው ብራናውና ወረቀቱ ብቻ ነው። የሰሜን ሰዎች ለዚህ ዓይነት መዝገብ እንግዳ አይደሉም። በ18ኛው መቶ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠሩት የጎንደር ቍስቋም ቤተ ክርስቲያን የመሬት መዝገብ ነበረው፤ የታሪክ ተመራማሪው ዶናልድ ክራሚ የዘመኑን የመሬት ሥሪትና የሀብት ዝውውር ያጠናው ይህን ከመሰሉ መዝገቦች ተነሥቶ ነው። ጸሐፊዎቹ ዝርዝሩን ባይለዩ ኖሮ፣ ከሁለት መቶ ዓመት በኋላ የመጣ ተመራማሪ የሚጠይቀው ነገር ባልኖረ ነበር።

ስሙ አርጅቷል፣ ወረቀት ወረቀት ይሸታል የሚል መቃወሚያ ይነሣ ይሆናል። «ስልክ» ከዐረብኛ ሲመጣ ሽቦ ማለት ነበር፤ ዛሬ ሽቦ የሌለው ዕቃ ስልክ ሲባል የሚደናገር የለም። ጠንካራው መቃወሚያ «የመረጃ ቋት» በሕግና በዜና ውስጥ ሥር ሰድዷል የሚለው ነው፤ እውነት ነው፣ እሱን መንቀል ቀርቶ መነቅነቅም አይቀልም። ያም ሆኖ «ባሕር መዝገብ» አንድ ተጨማሪ ትሩፋት አለው፤ ለሶፍትዌሩም ስም ይዞ ይመጣል። በዚህ ዘርፍ ክምችቱና ክምችቱን የሚያስተዳድረው ሶፍትዌር ሁለት የተለያዩ ነገሮች ናቸው፤ የመጀመሪያው ባሕር መዝገብ ከተባለ ሁለተኛው «መዝገብ ቤት» ነው። በየመሥሪያ ቤቱ ያለው መዝገብ ቤት ጥያቄ ይቀበላል፣ ፋይል ያወጣል፣ ማን እንደወሰደው ይጽፋል፣ ላልተፈቀደለት አይሰጥም። የዳታቤዝ ሶፍትዌርም ሥራው ከዚህ ብዙ አይርቅም።

ስሙ በሶፍትዌር ምርጫ ላይም ለውጥ ያመጣል። ጎታ የሚፈልግ ነጋዴ ስንት ይይዛል ብሎ ይጠይቃል፤ መዝገብ የሚፈልግ ግን ማን ይጽፋል፣ ማን ያርማል፣ ሁለት ሰው በአንድ ጊዜ ቢጽፍስ ይላል። የሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ ጽሕፈት ቤት በሚገኝባት በደባርቅ፣ ወደ ተራራው ለሚወጣ እንግዳ በቅሎ በተራ የሚያቀርብ ማኅበር አለ እንበል። በኤክሴል ገጽ ላይ በእያንዳንዱ ጉዞ መስመር የባለበቅሎው ስምና ስልክ አብሮ ይጻፋል፤ ሰውየው ስልክ በቀየረ ጊዜ በሁሉም መስመር ላይ መታረም አለበት፣ አንዱ ከተረሳም የትኛው ቁጥር ትክክል እንደሆነ አይታወቅም። በባሕር መዝገብ ግን ሦስት ሰንጠረዦች ይበቃሉ፤ አንዱ የባለበቅሎዎች፣ ሁለተኛው የበቅሎዎች፣ ሦስተኛው የጉዞዎች ይሆንና፣ የጉዞው መስመር የባለበቅሎውን መለያ ቁጥር ብቻ ይይዛል። ስልኩ የሚታረመው አንድ ቦታ ነው። ተራው የማን ነው ሲባልም ከመጨረሻ ጉዞው ብዙ ጊዜ ያለፈው ባለበቅሎ ተለይቶ ይወጣል፤ ጠብ የሚያስነሣውም ብዙውን ጊዜ ይኸው ተራ ነው። ይህን የሰንጠረዥ አሠራር እ.ኤ.አ. በ1970 በጽሑፍ ያቀረበው የአይቢኤም ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ኮድ ነው።

አንድ ሰው ብቻ የሚጽፍበት፣ ዝርዝሩም አጭር የሆነ ሥራ ከኤክሴል መውጣት አያስፈልገውም። ከዳታቤዝ ሶፍትዌሮች መካከል እ.ኤ.አ. በ1992 የወጣው ማይክሮሶፍት አክሰስ ለአንድ ቢሮ ይመቻል፤ የሚሠራው ግን ዊንዶውስ ባለው ኮምፒዩተር እንጂ በስልክ አይደለም። ማይኤስኪውኤልና ፖስትግሬስ በነፃ የሚገኙና ብዙ ተጠቃሚ የሚሸከሙ ናቸው፤ ነገር ግን ሁልጊዜ የሚበራ ሰርቨርና የሚጠብቀው ባለሙያ ይፈልጋሉ። ለስልክ የሚስማማው ኤስኪውላይት ነው። ሪቻርድ ሂፕ እ.ኤ.አ. በ2000 ሲሠራው ለአሜሪካ የጦር መርከብ በታሰበ ሶፍትዌር ላይ ሲደክም ነበር፤ ሰርቨር አይሻም፣ መላው መዝገብ አንድ ፋይል ነው፣ ባለቤትነቱም ለሕዝብ የተለቀቀ ነው። በእያንዳንዱ አንድሮይድና አይፎን ውስጥ ስላለ፣ ስሙን ሰምቶ የማያውቅ፣ ከደባርቅ በታች ባለችው በድብ ባሕር ያለ ባለሱቅም በኪሱ ይዞታል። ኔትወርክ በማይደርስበት ገደል ውስጥ የሚሠራ፣ መብራት ወይም ባትሪ በመካከል ቢቋረጥ አንዱን ሽያጭ ወይ ሙሉ በሙሉ የሚመዘግብ ወይ ጨርሶ የማይመዘግብ መሆኑ ለአካባቢው ትልቅ ነገር ነው። በኢንተርኔት ላይ ብቻ የሚከፈት አገልግሎት መልኩ ቢያምርም ከሊማሊሞ ቁልቁለት በታች ብዙ አያስኬድም።

ሁለት ስልኮች ያለ ኔትወርክ ቆይተው ሲገናኙ የያዙትን የማገናዘቡ ሥራ በስልኮች አማርኛ «ማመሳሰል» ተብሏል። መጥፎ አይደለም፤ የሒሳብ ሠራተኞች ግን የባንኩንና የራሳቸውን ሒሳብ ሲያገናዝቡ ከጥንት የሚሉት «ማስታረቅ» ነው፤ ሁለት ሰው አንዱን በቅሎ ለሁለት እንግዳ ሰጥቶ ሲገኝ የሚያስፈልገውም ይኸው ነው። ሶፍትዌር የሚገዛ ሰው እንዲህ ያለ ግጭት ሲያጋጥም የማንኛው ጽሑፍ እንደሚጸና አስቀድሞ ይጠይቅ። በተረፈ የእንግሊዝኛውን «ፊልድ» «መስክ» ብሎ መተርጎም ሊቀር ይገባዋል፤ የስምና የስልክ ቁጥር ማስፈሪያው ዐምድ ነው፣ ከብት የሚሰማራበት አይደለም።

ሻጩ ሳይጠየቅ የማይናገራቸው ሁለት ነገሮች አሉ። አንደኛው የዘመን አቆጣጠር ነው። አብዛኛው ሶፍትዌር የሚያውቀው የፈረንጆቹን ወር ብቻ ስለሆነ፣ ጥቅምት 30ን 30/2 ብሎ ያስገባ ጸሐፊ «የተሳሳተ ቀን» ይባላል፤ በእነሱ ሁለተኛ ወር ሠላሳኛ ቀን የለምና። ጳጉሜን 5ን 5/13 ብሎ ቢጽፍ ደግሞ ወሩን በሚያስቀድመው በአሜሪካኖቹ ልማድ ሜይ 13 ተብሎ በዝምታ ይመዘገባል፤ ከመከልከሉ ይልቅ ይህ ይከፋል። ሁለተኛው ፊደል ነው። የግእዝ ፊደል እ.ኤ.አ. በ1999 ዩኒኮድ ውስጥ ከገባ ወዲህ አማርኛ መጻፍ ችግር አይደለም፤ ችግሩ ፍለጋው ላይ ነው። ለኮምፒዩተር «ኃይሉ»፣ «ሀይሉ»ና «ሃይሉ» ሦስት የተለያዩ ሰዎች ናቸው፣ «ፀሐይ»ና «ጸሃይ»ም አይተዋወቁም። መፍትሔው ስሙ ባለቤቱ በሚጽፈው ፊደል እንዲቆይ አድርጎ፣ ሞክሼዎቹ ፊደላት ሁሉ ወደ አንድ የተመለሱበት ሌላ ዐምድ ለፍለጋ ብቻ መጨመር ነው። ስም፣ የአባት ስምና የአያት ስምም በሦስት ዐምድ ይለያዩ፤ «የቤተሰብ ስም» የሚጠይቅ ሶፍትዌር አያትን ከአባት እያምታታ አንዱን ደንበኛ ሁለት ያደርገዋል።

የኤስኪውላይት መዝገብ አንድ ፋይል በመሆኑ ሌላ ቦታ የሚቀመጥ ምትክ ቅጂ ማውጣት ቀላል ነው፤ ፋይሉን በሚስጥር ቁልፍ መቆለፍ ግን ኤስኪውላይት በራሱ የማይሠራው ተጨማሪ ሥራ ነው። የሰውን የግል መረጃ ስለ መጠበቅ በ2016 ዓ.ም. የወጣው አዋጅ ቁጥር 1321 ከመጣ ወዲህ፣ የእንግዳ ፓስፖርት ቁጥርና የደንበኛ ስልክ የያዘ ፋይል በቴሌግራም ከሰው ወደ ሰው መላክ የግል ልማድ ብቻ ተብሎ የሚታለፍ አይደለም።