ከእንቁላል ለቃሚው እስከ ጎብኚው
የደቡብ አፍሪካ ፔንግዊኖችና የሰው ልጅ

በ1497 (በዚህ ጽሑፍ ዓመተ ምሕረቱ ሁሉ እ.ኤ.አ. ነው) የቫስኮ ዳ ጋማ መርከቦች ዛሬ ሞሰል ቤይ በሚባለው የደቡብ አፍሪካ ዳርቻ መልሕቅ ጣሉ። ከተጓዦቹ አንዱ መብረር የማይችሉና እንደ አህያ የሚያናፉ ወፎች ማየታቸውን በማስታወሻው ጻፈ። የፈለጉትን ያህል መግደላቸውንም አልደበቀም። የአፍሪካ ፔንግዊን እውነትም ያናፋል፤ ዓይኑን ጨፍኖ ለሚሰማ ሰው ከአህያ የሚለይበት ነገር የለም።

ከዚያ ወዲህ የመጣ ሁሉ ከዚህ ወፍ አንድ ነገር ወስዷል። መርከበኞች ሥጋውን ወሰዱ፤ በ1800 ገደማ በሮበን ደሴት አንድም ፔንግዊን አልቀረም። ቀጥሎ ተራው የኩሱ ሆነ። የባሕር ወፎች ኩስ፣ ጓኖ፣ ለአውሮፓ ገበሬ ምርጥ ማዳበሪያ ነበርና በ1840ዎቹ በናሚቢያ ዳርቻ ያለችው ትንሿ ኢቻቦ ደሴት በመርከብ ተከበበች። ለብዙ ዘመን የተከመረው ኩስ በጥቂት ዓመታት ውስጥ እስከ ድንጋዩ ድረስ ተጠርጎ ተጫነ። ፔንግዊን ጎጆውን የሚቆፍረው ግን በዚሁ ክምር ውስጥ ነበር። ኩሱ ከሙቀትም፣ ከዝናብም፣ እንቁላል ከሚነጥቁ የባሕር ወፎችም ይከልለው ነበር። ክምሩ ከተጫነ በኋላ ወፉ ደረቅ መሬት ላይ፣ ፀሐይ ላይ ተቀመጠ፤ ሙቀት ሲበረታበትም እንቁላሉን ጥሎ ወደ ባሕር ይሄዳል። ዛሬ ተቆርቋሪዎች በየመራቢያ ሥፍራው ሰው ሠራሽ ጎጆ የሚያስቀምጡት ያን ጉዳት ለመጠገን ነው።

እንቁላሉም አልተረፈም። ከኬፕታውን በስተሰሜን ባለችው ዳሰን ደሴት በየዓመቱ በመቶ ሺሕ የሚቆጠር እንቁላል እየተለቀመ ለገበያ ይቀርብ ነበር። ለቀማው የቆመው በ1967 ነው። በሃያኛው ክፍለ ዘመን መባቻ ከሚሊዮን በላይ የነበረው ወፍ በዚያን ጊዜ እጅግ ተመናምኖ ነበር። በዓመቱ፣ በ1968፣ ሳንኮብ የተባለው የባሕር ወፎች አዳኝ ድርጅት ኬፕታውን ውስጥ ተቋቋመ።

የሚገርመው ወፎቹ ራሳቸው ወደ ሰው መምጣታቸው ነው። በ1982 ሳይመንስ ታውን ውስጥ፣ በትልልቅ ድንጋዮች መካከል ባለው ቡልደርስ በተባለ የባሕር ዳርቻ፣ ሁለት ጥንዶች ጎጆ ሠሩ። በዓመቱ ወደ ሮበን ደሴትም ተመለሱ። የቡልደርሱ መንጋ ወደ ሦስት ሺሕ ገደማ ደረሰ። የሌሊት ጩኸቱና የአትክልት ቁፋሮው ያስመረራቸው ነዋሪዎች ነበሩ፤ ኋላ ግን አጥር ታጠረ፣ የእንጨት መተላለፊያ ተዘረጋ፣ መግቢያ ክፍያ ተጣለ። ጎብኚው፣ ከወሳጆቹ ሁሉ የመጨረሻው፣ እንዲህ መጣ።

ጎብኚ ምን ይወስዳል? ፎቶግራፍ ብቻ ይመስላል። ሆኖም ፔንግዊን በዓመት አንዴ ላባውን ሲቀይር ሦስት ሳምንት ያህል ባሕር አይገባም፤ አሮጌው ላባ ረግፎ አዲሱ እስኪሞላ ድረስ ውኃ ይሰርገዋል። አስቀድሞ ባጠራቀመው ስብ ብቻ እየኖረ፣ ላባው እንደ ተቀደደ ትራስ ተበታትኖ፣ ቆሞ ይጠብቃል። የታመመ የመሰለው ሰው ሊረዳው፣ ሌላው ራሱን ከጎኑ አድርጎ ፎቶ ሊነሳ ይጠጋል። ወፉ ደንግጦ በሮጠ ቁጥር ያችን ስብ ያባክናል። እንቁላል ላይ የተቀመጠውም ከተነሣ ነጣቂው ወፍ ከላይ ሆኖ እየጠበቀ ነው። አመሻሽ ላይ ደግሞ ወላጆች ዓሣ በሆዳቸው ይዘው ከባሕር ሲወጡ የለመዱት መንገድ አላቸው፤ እዚያ ላይ ሰው ከተገተረ ልጆቹ እራት ይዘገይባቸዋል። ስለዚህ ከመተላለፊያው አለመውረድ፣ አለመንካት፣ አለማብላት የሚባለው ትእዛዝ ትርፍ ጨዋነት አይደለም። ለሚደፍርም ምንቃሩ ስለት ነው። ከመኪና ማቆሚያ ከመነሳት በፊት ጎማ ሥር ጎንበስ ብሎ ማየትም ይመከራል፤ ጥላ ፈልገው እዚያ ይገባሉና።

በሰኔ 2000 «ትሬዠር» የተባለችው መርከብ በሮበንና በዳሰን ደሴቶች መካከል ሰጥማ ነዳጇ ሲፈስ ደግሞ ሰው ሌላ ገጹን አሳየ። ወደ 19 ሺሕ የሚጠጉ በነዳጅ የተለወሱ ወፎች አንድ በአንድ ታጠቡ። ነዳጁ ያልደረሰባቸው፣ ከዚያ የማያንሱ ሌሎች፣ በመኪና ተጭነው በስተምሥራቅ ፖርት ኤልዛቤት አጠገብ ተለቀቁ። በመቶዎች የሚቆጠር ኪሎ ሜትር ዋኝተው እስኪመለሱ ድረስ ባሕሩ ይጸዳል ተብሎ ነበር፤ እንደታሰበውም ተመለሱ።

ይህ ሁሉ ተደርጎም ቁጥሩ መውረዱን አላቆመም። በ2024 የዓለም ተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ወፉን በአሳሳቢ ሁኔታ የመጥፋት አደጋ ከተጋረጠባቸው ተርታ መደበው፤ የቀሩት ጥንዶች ከአሥር ሺሕ በታች ናቸው። ዋናው ምክንያት በመተላለፊያው ላይ ሆኖ አይታይም። የሚበሉት ሰርዲንና አንቾቪ በዓሣ አጥማጅ መረብ ተሟጧል፣ በባሕሩ ሙቀት ለውጥም ወደ ምሥራቅ ሸሽቷል። እንደ እኔ አስተያየት በዳርቻ ላይ በጥንቃቄ የሚራመድ ጎብኚ የዓሣውን ነገር ካልጠየቀ ያየው ግማሹን ነው።

ሳንኮብና የአገሪቱ የወፎች ማኅበር መንግሥትን ፍርድ ቤት ካቆሙ በኋላ በመጋቢት 2025 በስድስት ዋና ዋና የመራቢያ ሥፍራዎች ዙሪያ ሰርዲንና አንቾቪ እንዳይጠመድ የሚያደርግ ስምምነት በፍርድ ቤት ትእዛዝ ጸደቀ። ውጤቱ ግን ወዲያው አይታይም። ፔንግዊን ለመራባት እስኪደርስ አራት ዓመት ያህል ይፈጅበታል፤ በአንድ ጊዜ የሚጥለውም አብዛኛውን ጊዜ ሁለት እንቁላል ብቻ ነው።