የፊስክ ዩኒቨርሲቲ ኢዮቤልዩ መዘምራን፤ ከመዝሙር ጉባኤ ወደ ኮንሰርት መድረክ

በአሜሪካ በባርነት ዘመን የተዘመሩትን መንፈሳዊ መዝሙሮች ለማጥናት የሚነሣ ሰው አብዛኛውን ጊዜ ሥራውን የሚጀምረው ከታተመ የኖታ መጽሐፍ ነው። በዚያም ዜማው በአራት ድምፅ ተከፋፍሎ፣ ሶፕራኖው፣ አልቶው፣ ቴነሩና ባሱ እያንዳንዱ በየመሥመሩ ተቀምጦ ያገኘዋል። ይህ አቀማመጥ ከየት እንደ መጣ ግን እምብዛም አይጠየቅም። መልሱን ከእርሻው ዘንድ ከመፈለግ ይልቅ ከኮሌጅ ዘንድ መፈለግ ይገባል፤ ይኸውም ከአንድ ኮሌጅ መዘምራን መካከል ተመርጦ ለኮንሰርት ከወጣ፣ ቁጥሩ ከዐሥር ብዙም ከማይርቅ አነስተኛ ቡድን ነው። የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር መሆናቸውን አንባቢ ልብ ይበል።

ኮሌጁ ፊስክ ይባላል። በቴነሲ ክፍለ ሀገር፣ በናሽቪል ከተማ፣ የርስ በርሱ ጦርነት ካበቃ ከጥቂት ወራት በኋላ በጃንዋሪ 9 ቀን 1866 ዓ.ም. ቀድሞ የጦር ሠራዊት ሆስፒታል በነበሩ የእንጨት ቤቶች ውስጥ ተከፈተ። ያቋቋሙት የአሜሪካ ሚስዮናውያን ማኅበር ሰዎች ሲሆኑ፣ ተማሪዎቹ ከባርነት ገና የወጡ ሕፃናትና ጐልማሶች ነበሩ። ቤቶቹ እየፈረሱ፣ ዕዳው እየበዛ ስለ ሄደ ትምህርት ቤቱ ሊዘጋ ተቃረበ። ገንዘብ ያዡ ጆርጅ ዋይት የሚባል ቀድሞ ወታደር የነበረ ሰው ነው። ይህ ሰው ከገንዘብ ያዥነቱ ጋር የመዝሙር መምህር ስለ ነበረ፣ በሁለቱ ሥራው መካከል አንድ ሐሳብ መጣለት፤ ከመዘምራኑ ጥቂቶቹን ይዞ ወደ ሰሜን በመሄድ ለኮሌጁ ገንዘብ ለማሰባሰብ አሰበ። የሚስዮን ማኅበሩ ዕቅዱን አልደገፈውም። ዋይት ግን በኦክቶበር 6 ቀን 1871 ዓ.ም. ዘጠኝ መዘምራን ይዞ ከናሽቪል ተነሣ። አብዛኞቹ በባርነት የተወለዱ ነበሩ። ፒያኖ የምትመታውና ልምምዱን የምትመራው ኤላ ሼፐርድም ባሪያ ሆና ተወልዳ አባቷ ነፃነቷን በገንዘብ የገዛላት ልጅ ነበረች።

እዚህ ላይ ብዙ ጊዜ የሚዘነጋ ነገር አለ። ቡድኑ ሲነሣ በፕሮግራሙ ላይ የነበሩት ዘፈኖች አብዛኞቹ የነጮች የኮንሰርት ዘፈኖች ነበሩ። የወላጆቻቸውን መዝሙር ተማሪዎቹ በአደባባይ ለመዘመር አይወዱም ነበር። ኤላ ሼፐርድ በኋላ እንደ ጻፈችው፣ መዝሙሮቹ ለወላጆቻቸው ቅዱሳን ነበሩ፤ ለልጆቹ ደግሞ ሊረሱት የሚፈልጉትን የባርነትን ዘመን የሚያስታውሱ ነበሩ። ስለዚህ በልምምድ ጊዜ በርና መስኮት ዘግተው፣ ወለል ላይ ተቀምጠው፣ ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው አንዱ ከሌላው እየተማረ ይዘምሩ ነበር። የዝማሬያቸው ለስላሳነት ከዋይት ሥልጠና የመጣ መሆኑ አይካድም፤ ሆኖም ከዚህ የተዘጋ ክፍልም የመጣ ነው ብዬ አምናለሁ።

ጉዞው በመጀመሪያ አልቀናም። ብዙ ሆቴሎች አናስገባም አሏቸው። በሲንሲናቲ ከተማ ያገኟት ገንዘብ ኀምሳ ዶላር አትሞላም ነበር፤ እርሷንም ያን ሰሞን ቺካጎ በእሳት ስለ ጋየች ለተጎዱት ሰዎች ሰጡ። የሰሜኑ ሕዝብ የጥቁሮችን ዘፈን የሚያውቀው ፊታቸውን በጥላሸት ባጠቆሩ ነጭ ቀልደኞች አማካይነት ስለ ነበረ፣ ከእነዚህም የሚጠብቀው ሣቅ ነበር። ነገሩ የተለወጠው በኖቬምበር 1871 ዓ.ም. በኦበርሊን ኮሌጅ የአብያተ ክርስቲያናት ጉባኤ በተደረገ ጊዜ ነው። ጉባኤተኛው በወሬ ላይ ሳለ ቡድኑ ከተዘጋው ክፍል መዝሙሮች አንዱን በዝግታ ጀመረ፤ አዳራሹም ጸጥ አለ። ከዚያ ወዲህ የወላጆቻቸው መዝሙር ከፕሮግራሙ ጠርዝ ወደ መካከሉ መጣ። ዋይትም በዚሁ ሰሞን ስም አወጣላቸው፤ «ኢዮቤልዩ መዘምራን» አላቸው። የኦሪት ዘሌዋውያንን ምዕራፍ 25 ለሚያውቅ አንባቢ ስሙ ትርጓሜ አያስፈልገውም፤ በኀምሳኛው ዓመት ባሮች ነፃ የሚወጡበትን ዓመት ያመለክታል።

ቡድኑ ዘጠኝ የሆነው ስለ ዜማው ታስቦ አይደለም፤ የባቡሩ ዋጋና የኮሌጁ ድህነት የፈቀዱት ይህን ያህል ስለ ነበረ ነው። ነገር ግን ቁጥሩ ዜማውን ለወጠው። ጥቂት ሰዎች በአንድ እስትንፋስ ጀምረው በአንድ እስትንፋስ ሊያቆሙ ይችላሉ፤ እያንዳንዱ ድምፅ ተለይቶ ይሰማል፤ የተሳሳተውም ይታወቃል። በ1872 ዓ.ም. በቦስተን ከተማ በተደረገው ታላቅ የሰላም በዓል ላይ ወደ ሃያ ሺሕ የሚጠጋ ዘማሪ ተሰብስቦ ነበር። በማግሥቱ ዓመት የታተመው የቡድኑ ታሪክ እንደሚተርከው፣ ድምፁ እጅግ ከፍ ባለ ጊዜ ያ ሁሉ ሕዝብ ተደናቀፈ፤ አስቀድመው በከፍተኛው ድምፅ የተለማመዱት ጥቂቶቹ የፊስክ ልጆች ግን ዘመሩት። ትረካው የወዳጅ ትረካ መሆኑ ግልጽ ነው፤ ቢሆንም አነስተኛ ቡድን ምን ሊሠራ እንደሚችል በጊዜው እንዴት እንደ ታሰበ ያሳያል።

አሁን ወደ ኖታው እንመለስ። በ1867 ዓ.ም. አለን፣ ዌርና ጋሪሰን የተባሉ ሦስት ሰዎች 136 የባሮች መዝሙሮችን አሳትመው ነበር። የጻፉት ዜማውን በአንድ መሥመር ብቻ ነው። በመቅድማቸውም ዘማሪዎቹ እንደ አውሮፓ ልማድ በድምፅ ተከፍለው እንደማይዘምሩ፣ ይሁን እንጂ ሁለት ሰዎች እንኳ አንድ ዓይነት ነገር ሲዘምሩ እንደማይሰማ፣ ይህንም በኖታ መያዝ እንደማይቻል አስረድተዋል። ከአምስት ዓመት በኋላ ቴዎዶር ሲዋርድ የፊስክን ቡድን መዝሙሮች ጽፎ ሲያወጣ ይህ መለዋወጥ ጠፍቶ፣ በቦታው የተስተካከለ የአራት ድምፅ ስምምነት ገብቶ እናገኛለን። ሲዋርድ ስለ ቅኝቱ የሰጠው ምስክርነት ግን ዋጋ ያለው ነው፤ ከመዝሙሮቹ ግማሽ የሚበልጡት አራተኛውና ሰባተኛው ድምፅ እንደሚጎድላቸው አስተውሎ ከስኮትላንድ ዜማ ጋር አመሳስሎአቸዋል። የእኛም የትዝታ ቅኝት በአንደኛው መልኩ እነዚህኑ ሁለቱን ይተዋል። ከዚህ ተነሥቶ ስለ ዝምድና መናገር ለሚፈልግ ሰው ስኮትላንድን ማስታወስ ይበቃዋል።

በ1934 ዓ.ም. የፍራንዝ ቦዋዝ ተማሪ የነበረችው ዞራ ኒል ኸርስተን በኮንሰርት የሚሰማው መዝሙር እውነተኛው አይደለም፣ ከእርሱ የተወለደ ሌላ ነገር ነው ስትል ጽፋለች። ዜማውን በተመለከተ ፍርዷ ትክክል ነው፤ በጉባኤ መካከል የሚዘመር መዝሙር በየጊዜው እየታደሰ የሚሄድ ሲሆን፣ በልምምድ የተጠናው ግን ዛሬም ነገም አንድ ነው። ሰዎቹን በተመለከተ ግን ፍርዷ ጠንካራ ይመስለኛል። የፊስክ ተማሪዎች መዝሙሩን ከሩቅ አገር ሰብስበው አላመጡትም፤ ከእናቶቻቸው አፍ የሰሙት ነው፤ ምን ይገለጥ ምን ይሰወር የሚለውንም ቢያንስ በከፊል ራሳቸው መርጠዋል። ከዚህም በላይ መዝሙሩ ቤት ሠርቷል። የመጀመሪያው ጉዞ ሃያ ሺሕ ዶላር አስገኘ፤ ቡድኑ በ1873 ዓ.ም. ወደ እንግሊዝ ተሻግሮ በንግሥት ቪክቶሪያ ፊት ዘመረ፤ ከዚያ በተገኘው ገንዘብ የተሠራው ኢዮቤልዩ አዳራሽ በጃንዋሪ 1 ቀን 1876 ዓ.ም. ተመረቀ። በ1880ዎቹ በዚያ የተማረው ዱቦይስ አዳራሹ ከመዝሙር የተሠራ መስሎ እንደ ታየው ጽፏል። የድካሙ ዋጋ ደግሞ በዘማሪዎቹ ጤና ተከፍሏል፤ ቡድኑ በ1878 ዓ.ም. በጀርመን አገር ሲበተን ብዙዎቹ ደክመው ነበር።

ከዚያ ወዲህ ቁጥሩ ይበልጥ አነሰ። የተስኪጊ ትምህርት ቤት ከ1884 ዓ.ም. ጀምሮ ገንዘብ ለማሰባሰብ አራት ወንዶች ይልክ ነበር፤ ፊስክም ወንዶችና ሴቶች ያሉበትን ቡድን በየከተማው ማዞር ስለ ከበደው በጆን ወርክ የሚመራ የአራት ወንዶች ኳርቴት አቋቋመ። ይህ ኳርቴት በ1909 ዓ.ም. ለቪክተር ኩባንያ ሸክላ ቀረጸ። የዘመኑ መቅረጫ ዘማሪዎች በአንድ መለከት አፍ ፊት ተጠጋግተው የሚዘምሩበት ስለ ነበረ፣ አራት ሰው ለመሣሪያውም ተስማሚ ነበር። ነገር ግን ዜማው ከሶፕራኖ ወደ ቴነር ዞረ፤ ከመጀመሪያው ቡድን እኩሌታ በላይ የነበሩት የሴቶቹም ድምፅ ከመዝገቡ ውጭ ቀረ። ስለዚህ ያንን ሸክላ የሚሰማ ተመራማሪ የ1871ን ዝማሬ ሰማሁ ሊል አይችልም። በዚያ በተዘጋው ክፍል ውስጥ ልምምዱን ትመራ የነበረችው ኤላ ሼፐርድ በ1909 ዓ.ም. በሕይወት ነበረች፤ ያረፈችው በ1914 ዓ.ም. በዚያው በናሽቪል ነው።